አራቱ ባዶ ወረቀቶች

ሦስት ቁጥር በግራ በኩል ነበረ። ይህን ያየሁት አዳራሹ ውስጥ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ መብራቱ ሊደበዝዝ ሲል ነው። ጭኔ ላይ የልጄ የኖታ ደብተር ነበር፤ እሷ የራሷን ድርሻ በቃሏ ስለምትጫወት «ያዥልኝ» ብላ የሰጠችኝ። እጄ ሥራ ሲፈታ ወረቀት መግለጥ ስለሚወድ ገለጥኩት። አንድ ቁጥር በግራ፣ ሁለት በቀኝ። ቅጠሉን ሳዞር ሦስት በግራ። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጠረዘ ነገር ላይ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት በቀኝ እንደሚውሉ ዓይኔ ያውቃል። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በዚያ ላይ አራቱ ተጫዋቾች ወጥተው፣ ሰው አጨብጭቦ፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀምጠው ነበር።

ልጄ ቫዮሊን ተጫዋች ናት። ይህን ስናገር ሰው «የት?» ይለኛል። ችግሩም እሱ ነው፤ የትም ናት። ዓርብ ዓርብ ሆቴል ውስጥ ሰው ሲበላ ትጫወታለች፤ ቅዳሜ ሰርግ ካለ ሰርግ፣ ከሌለ የለም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እየዞረች ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ መካከል ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት የማይነካ ልጆች አሉ፤ አንድ የጥርስ ሐኪምም አለ። ሐኪሙ ሲጫወት የሚወጣው ድምፅ ከሥራው ብዙ አይርቅም ትላለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሙዚቃ ትጽፋለች። ምግብ ማብሰያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ እርሳስ ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን እያየች። ሰው ቢያያት ሥራ ላይ ናት አይልም።

እኔ ደግሞ የምሠራው መፍራት ነው። ግራ እጇ እንዳይቆረጥ ዳቦ የምቆርስላት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሣጥኑን እንዳይቀሟት እፈራለሁ፤ ሣጥኑን አልሰጥም ብላ ከሌባ ጋር እንዳትጓተት ደግሞ ከዚያ በላይ እፈራለሁ። አብረዋት የሚሠሩትን ሰዎች ስልክ ሁሉ ትንሽ ደብተር ላይ ጽፌ ይዣለሁ፤ አንድ ነገር ብትሆን የሚደወልለት ሰው እንዳይጠፋ። በሩንም የምቆልፈው እሷ ከገባች በኋላ ነው። ከላይ ሰንሰለት፣ መሃል ቁልፍ፣ ከታች መቀርቀሪያ። «ሌባው ይሄን ሁሉ ከፍቶ ከገባ ይገባዋል፣ ሻይ አፍይለት» ትለኛለች። እስካሁን ሌባ ገብቶ አያውቅም። ይህ ግን ለነገ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከአንድ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣላት። ቋሚ የሙዚቃ መምህርት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ አሥር ሰዓት የምትወጣበት፣ ዕረፍቱ የታወቀ፣ ወንበሩ የራሷ የሆነ ሥራ። ፈርማ መመለስ ያለባት በኮንሰርቱ ማግስት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛ ላነበው ስል ከእጄ ወሰደችው።

«እማ፣ አንድ ነገር እንስማማ» አለችኝ። «ጋሽ ቼሎ ድርሰቴን ለዘንድሮ ፕሮግራማቸው ከወሰዱት ትምህርት ቤቱን እተወዋለሁ። ካልወሰዱት እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አትጨቀጭቂኝም።»

«መቼ ጨቅጭቄሽ አውቃለሁ?»

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጠየቅኩ።»

ጋሽ ቼሎ የምንላቸው ቤታችን ውስጥ ነው እንጂ ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ቼሎ፣ ያን ጉልበት መካከል የሚያዘውን ትልቅ ቫዮሊን፣ የሚጫወቱ፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ አራት ሆነው የሚጫወቱት ቡድን መሪ ናቸው። ልጄን ከዓመት በፊት ነው አንደኛ ቫዮሊን አድርገው የወሰዷት፤ ጥሪ ሲኖር ብቻ። ቡድኑ በየዓመቱ አንድ ፕሮግራም ያዘጋጅና አሥራ ሁለት አዳራሽ ይዞት ይዞራል። አዲስ ድርሰት እዚያ ውስጥ ከገባ ሌሎች ቡድኖች ይሰሙታል፣ ይጠይቁታል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያውቃት በሰርግ ሳይሆን በጻፈችው ነገር ይሆናል። ጋሽ ቼሎ «አንድ ጊዜ ሰው ፊት እንሞክረውና እወስናለሁ» ብለዋት ነበር። ነገሩ ሁሉ ያ አንድ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የኔ ልብ ወዴት እንደነበረ አልደብቅም። ወደ ትምህርት ቤቱ ነበር።

የኮንሰርቱ ዕለት ልጄ የከሰዓቱን ትምህርት ወደ ጠዋት አዛውራ ልታስተምር ትወጣ ነበር። የአራቱን ድርሻ ኖታ የያዘ ሰማያዊ ፎልደር ሰጠችኝ። ልምምድ ላይ እስካሁን ነጠላ ነጠላ ወረቀት ዘርግተው ነበር የሚጫወቱት፤ አዳራሹ ግን የጣሪያ ማራገቢያ ስላለው ወረቀቱ ይበተናል ተባለ።

«እንዳለ ነው የምታስገለብጪው» አለችኝ ጫማዋን እያሰረች። «ፊትና ጀርባ። አራት ደብተር፣ ለየብቻ ይጠረዝ። ምንም አትንኪ።»

«ምን እነካለሁ?»

«አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የምነግርሽ።»

ፎቶኮፒ ቤቷ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ናት። የምትሠራው ልጅ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በሌላው ነው የምትሰማው። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ወረቀት ነከሰ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ መብራቱ አንስታ አየችና «እማማ፣ ይሄ ከርዕሱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። የዚኛውም ባዶ ነው። ላስገባው?» አለችኝ።

አየሁት። ምንም የለበትም። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን የነበሩት ሴትዮ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፋይል ውስጥ ባዶ ወረቀት አይቀመጥም፤ ነገ አንዱ መጥቶ ያልሆነ ነገር ይጽፍበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ ወረቀት ሳወጣ ኖርኩ። በእንቅልፌም ሳላወጣ አልቀርም።

«አውጪው» አልኳት።

አራት ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ንጹሕ ስለሆኑ መጣል አልፈለግኩም፤ ለሁለት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ደብተሮቹ አምረው ወጡ። ሰማያዊ ሽፋን፣ ጥቁር ስፓይራል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። አዳራሹ ጋ ስደርስ ልጄ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር፤ አውቶቡሱ አርፍዶ ነው። ተቀብላኝ እየሮጠች ለሦስቱ አደለች፣ የራሷን መለሰችልኝ። ማንም አልገለጠውም። ሙዚቃውን ያውቁታል፣ ወረቀቱንም ያውቁታል፤ ምን ብለው ይገልጡታል?

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ከግድግዳ ማዶ የሰማሁትን ነው፤ ይህን ድርሰት ግን ወር ሙሉ ስለሰማሁት መንገዱን አውቀዋለሁ። በዝግታ ይጀምርና አራቱ እንደሚጣደፉ ሰዎች አንዱ የሌላውን አፍ እየቀማ መናገር ይጀምራል። እዚያ መጣደፉ መሃል ላይ ነው ቪዮላ የሚባለውን ትልቅ ያለ ቫዮሊን የምትጫወተው፣ ሳቂታዋ የምንላት ልጅ፣ በድንገት እጇን አንስታ ወረቀት የገለጠችው። ድምፅዋ ተቆረጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው ቫዮሊን። ከዚያ ጋሽ ቼሎ። ቀስታቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው የደብተሩን ጫፍ ሲፈልጉ አየኋቸው። ልጄ ብቻዋን ቀረች። አላቆመችም፤ የራሷን ትታ የእነሱን ቁራጭ ቁራጭ እየተጫወተች ጠበቀቻቸው። አንድ በአንድ ገቡ። ሳቂታዋ ግን አልሳቀችም።

ሁለተኛው ገለጣ የባሰ ነበር። እንደገና መጣደፍ፣ እንደገና ወረቀት። አሁን የሳቂታዋ ደብተር ከኖታ ማስቀመጫው ላይ ወደቀ። ጋሽ ቼሎ የመጨረሻውን ቅጠል ከሽፋኑ ጋር ባንድ ጊዜ ገልጠው ጠፉ። መጨረሻው ላይ ደረሱ፤ ግን አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ ከአውቶቡስ እንደሚወርዱ ሰዎች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሕዝብ ምን ቸገረው።

ከመድረኩ ጀርባ ያለችው ክፍል ጠባብ ናት፤ መስታወትና አራት ወንበር አላት። በሩ ላይ ቆምኩ። ሁለተኛው ቫዮሊን ዕቃውን ይዞ ወጣ። ጋሽ ቼሎ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ ቼሎውን እየጠረጉ። «ዜማ ብዙ ሰው ይጽፋል። ያንቺ ዜማም ደግ ነው። ግን ለተጫዋች የሚጽፍ ሰው እጁ መቼ እንደሚፈታ ማወቅ አለበት። ግራዬ ክሩ ላይ፣ ቀኜ ቀስቱ ላይ። በምን ልግለጥ? በጥርሴ?»

«ልምምድ ላይ እንዲህ አልነበረም እኮ» አለች ሳቂታዋ።

«ልምምድ ላይ ወረቀቱ ሁሉ ፊታችን ተዘርግቶ ነበር፤ መግለጥ የለም። ዛሬ ነው የታየው።» ጨርቁን አጠፉት። «ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው። አሥራ ሁለት ቦታ ይዤው ልዞር አልችልም። ለዘንድሮ ይቅር።»

ልጄ የሳቂታዋን ደብተር አንስታ ከፈተችው። የመጀመሪያውን ገጽ አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ በጣም ለአጭር ጊዜ፣ እንደገና ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ዘጋችው።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ ሣጥኑን ጉልበቷ መካከል ይዛ በመስኮት ታይ ነበር። ደክሟት ነው ብዬ አልተናገርኳትም። ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። ሾርባ አሞቅኩ፣ ግማሹን ጠጣች። ከዚያ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ብዕር ጠይቃኝ፣ ቆማ ፈረመች።

«ነገ ለዳቦ ስትወጪ አድርሺልኝ» አለች። «መንገድሽ ላይ ነው።»

«ራስሽ ብትወስጂው አይሻልም?»

«እማ፣ የፈለግሽው ነገር ነው። ውሰጂው።»

ክፍሏ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የጣት ማፍታቻውን፣ ስኬል የሚሉትን፣ መጫወት ጀመረች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ነገር ሲበላሽባት ሁልጊዜ የምታደርገው ይህን ነው። ሌላው ሰው ያለቅሳል።

ደብዳቤውን እንዳይታጠፍ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ላስገባ ስል እጄ አራቱን ባዶ ወረቀቶች ነካ። አወጣኋቸው። ሦስት ቁጥር በግራ። ሰማያዊውን ፎልደር ከፈትኩና የቼሎውን ድርሻ ጠረጴዛው ላይ እንደ መጽሐፍ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ባዶውን ሳላስገባ፤ ቀጥሎ አስገብቼ። ባዶው ከርዕሱ ጀርባ ሲውል አንድ ቁጥር ብቻውን በቀኝ ይሆናል። ከዚያ ሁለትና ሦስት ጎን ለጎን፣ አራትና አምስት ጎን ለጎን።

ኖታ ማንበብ አልችልም። ጥቁርና ነጭ ግን አያለሁ። የአንድ ቁጥር ገጽ ከታች በቀኝ ማዕዘኑ ላይ ጥቁሩ ይሳሳል፤ መስመሩ ባዶውን ይሄዳል። ሦስት ቁጥርም እንዲሁ። ሁለትና አራት ግን እስከ ጫፉ ድረስ ስኳር እንደ ወረረ ጉንዳን ጥቁር ናቸው። የሳሳው ቦታ እጅ የሚፈታበት ቦታ ነው። ልጄ ተጫዋቹ ገጽ የሚገልጥበትን ጊዜ ሁሉ አስባ አስቀምጣ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው። ሁሉም የቆመው ያ ባዶ ወረቀት ላይ ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ያን ጊዜ ነው ከመድረኩ ጀርባ የነበረው አተያይዋ የገባኝ።

ተቀመጥኩ። ዝም ብል ምን እንደሚሆን በደንብ አውቀዋለሁ። ነገ ደብዳቤው ይደርሳል። ከመጪው ወር ጀምሮ ሁለት ሰዓት ገብታ አሥር ሰዓት ትወጣለች። አሥራ አንድ ሰዓት ቤት ትሆናለች። በሬን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እቆልፋለሁ። ብትታመም የምትታከምበት፣ ብታረጅ የምትጦርበት ይኖራታል፤ እኔ ስሞት ማን ያያታል እያልኩ የማድርበት ሌሊት ያበቃል። ይህን ሁሉ ለማግኘት ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። አራት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው።

ሆን ብዬ አድርጌው ይሆን ብዬም ራሴን ጠየቅኩ። አላደረግኩም። ግን ብጠየቅ ማን ያምነኛል፤ እኔም እኮ ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ።

መዝገብ ቤት አንድ ሌላ ደንብ ነበረን። ካርድ ላይ ስህተት ከተገኘ አይፋቅም፤ በመስመር ይሰረዝና የሠራው ሰው አጠገቡ ይፈርማል። ትንሿን የስልክ ደብተር ከፈትኩ። ልጄ ብትሞት የሚደወልለት ብዬ በጻፍኩት በጋሽ ቼሎ ቁጥር ደወልኩ።

«ሃሎ።»

«የቫዮሊኗ እናት ነኝ።»

«ምን ሆነች?» አሉ ወዲያው። እንደኔ የሚያስብ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ።

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ነገርኳቸው። ከፎልደሩ ጀምሬ እስከ ፎቶኮፒ ቤቷ ልጅ፣ ምንም ሳላስቀር፣ እንደ ሪፖርት። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ባዶ ወረቀት» አሉ በመጨረሻ።

«አራት።»

«ለምን አወጧቸው?»

«ባዶ ስለሆኑ።»

ሳሉ ወይ ሳቁ፤ በስልክ አይለይም። «እሷ ታውቃለች?»

«የምታውቅ ይመስለኛል። አይታኛለች።»

«እና ለምንድነው ጥፋቱ የኔ ነው ያለችኝ?»

«እናቷ ስለሆንኩ ይመስለኛል።»

ስኬሉ ከግድግዳው ማዶ ይወጣል ይወርዳል። እሳቸውም የሰሙት መሰለኝ። «ዋናው ኖታ እርስዎ ጋ ነው?» አሉ።

«ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«ከእናንተ ቤት ሁለት ፌርማታ ነኝ። የኔን ድርሻ እንደሚሆነው አድርገው ያዘጋጁልኝ። በሩን አይቆልፉ።»

ሲመሽ በሩን አይቆልፉ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት የለም። ቢሆንም አልቆለፍኩም። ፕላስተርና መቀስ አወጣሁ። ርዕሱን ከባዶው ጋር ጀርባ ለጀርባ፣ አንድን ከሁለት፣ ሦስትን ከአራት አጣበቅኩ፤ አምስትን ለብቻው። ጠርዙን በፕላስተር ሰፋሁት። አንድ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰምቼ መቀሱን አጥብቄ ያዝኩ፤ ጎረቤታችን ነበር።

ሲገቡ አላንኳኩም፤ አይቆልፉ ብለውኝ ስለነበር። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ምግብ ማብሰያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ስኬሉ ቆመ። ልጄ በፒጃማ ወጣች፤ ጋሽ ቼሎን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?»

«መዝገብ ስታበላሺ ትፈርሚያለሽ» አልኩ።

«እማ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እዚያው። ሳቂታዋ ገና ስትገልጥ። ሦስት ቁጥር በግራ ነበር።»

«እኔም አይቼዋለሁ። እና ዝም ብለሽ ልትፈርሚ?»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«ለምን?»

የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። «ዕድሜሽን ሙሉ አንድ ነገር ይደርስባታል ብለሽ ስትፈሪ ኖርሽ» አለች። «በመጨረሻ ሲደርስ ደግሞ በራስሽ እጅ እንደሆነ እንድታውቂ አልፈለግኩም። ከዚያማ እንዴት እንተኛለን?»

«እናትና ልጅ፣ ዝም በሉ፤ እያነበብኩ ነው» አሉ ጋሽ ቼሎ።

ያለ መሣሪያ ነው ያነበቡት። የግራ እጃቸው ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ክር እየተጫኑ ይሮጣሉ፤ ቀኛቸው አየር ላይ ይሄዳል ይመጣል፤ እግራቸው ወለሉን ይመታል። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ አብሯቸው ይነቃነቃል። አንድ ቁጥር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቀኛቸው ቆመ፤ በጣቶቻቸው እየቆጠሩ፣ ሳይቸኩሉ ገለጡ፤ ቀኛቸው ተመለሰ። ጊዜ ተረፋቸው እንዲያውም። ሦስት ቁጥር ላይም እንዲሁ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ የእጃቸውን መሄድ ትከተል ነበር። እኔ ደግሞ ፕላስተሩን ነበር የማየው፤ ይላቀቃል ብዬ።

አምስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው ቼሎው ብቻውን የሚቀረው?»

«አዎ።»

«ዛሬ አልሰማሁትም።»

«ዛሬ አልተጫወቱትም። ሽፋኑ ላይ ነበሩ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ከዚያ ያን ቦታ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በጣታቸው ተጫወቱት። ሻይ አቀረብኩላቸው፣ ቀዘቀዘ። ሲጨርሱ የሠራሁትን ደብተር ዘግተው በመዳፋቸው ደለደሉት።

«መጨረሻው ረዝሟል» አሉ።

«አላሳጥረውም።»

«አሳጥሪ አላልኩም። ረዝሟል ነው ያልኩት።» ተነሡ። «ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። ነገ ሦስት ሰዓት ልምምድ። የሌሎቹን ደብተር እርስዎ ይሥሩት» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ «አሁን ባዶ ወረቀት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የገባው ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ለአሥራ ሁለቱም ቦታ ነው?» አልኩ።

«ለአሥራ ሁለቱም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅ እህቴ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳላውቀው ነው የኖርኩት።»

ይህን ያሉት ለማጽናናት ይመስለኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት። በልቤ ስንት ቀን እንደሚሆን ላሰላ ጀምሬ ተውኩት።

ደብተራቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። ልጄ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው፤ ታች ድረስ እንዳትወርድ ብዬ ባትሪ ይዤ ተከተልኳት፤ እሷም መውረዷን ተወች። ስንመለስ እጇን ዘረጋች።

«ደብዳቤውን።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። አልታጠፈም። የፈረመችበት ቀለም ደርቋል፤ ፊርማዋ የሚያምር ነው፣ ከእኔ ነው የተማረችው። ሰጠኋት።

«ነገ ከልምምዱ በኋላ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ተስማምተናል አይደል?»

«ተስማምተናል።»

«አትጨቀጭቂኝም።»

«ከስድስት ሰዓት በፊት መድረስ እንዳለብሽ ብቻ ነው የምነግርሽ።»

«ይሄ ጭቅጭቅ ነው።»

«ሰዓት ነው።»

ጉንጬን ሳመችኝ፣ የተረፈውን ሾርባ ቆማ ጠጣች፣ ገባች። የቀሩትን ሦስት ባዶ ወረቀቶች እያንዳንዳቸውን በየርዕሳቸው ጀርባ አስቀመጥኩና የሾርባ ሰሃን ጫንኩባቸው፤ መስኮቱ ተዘግቶም ንፋስ ሊገባ ይችላል። ነገ ምን ሊበላሽ እንደሚችል አሰብኩ፤ ፕላስተር ሊያልቅ ይችላል፣ ሳቂታዋ ልትታመም ትችላለች፣ ሽማግሌው መንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ደረጃው ደግሞ መብራት የለውም። ስልኩን አየሁት፤ አልጮኸም።

ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። ሰንሰለቱን ሳብኩ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ጎንበስ ብዬ መቀርቀሪያውን ገፋሁ። በትከሻዬ ሞከርኩት፤ አልተነቃነቀም።